ለሰፈር ትምህርት ቤት፣ ለስፖርት ቡድንና ለወጣት ማኅበር ዕውቅና መስጠት፦ በድሬዳዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከሳቢያን እስከ ገንደ ቆሬ፣ ከከዚራ እስከ መልካ ጀብዱ፣ በቀበሌም በሰፈርም ደረጃ የዕውቅና ቀን የሚያዘጋጁ ኮሚቴዎች የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ናቸው። መልሶቹ እነሆ።

ዕውቅና ስትሉ ፈቃድ ማለታችሁ ነው?

አይደለም። ቃሉ አንድ ስለሆነ ግን ያደናግራል። ለትምህርት ቤት የሚሰጥ የዕውቅና ፈቃድ የትምህርት ቢሮ ሥራ ነው፤ የስፖርት ክለብ ምዝገባ ደግሞ የወጣቶችና ስፖርት መሥሪያ ቤቱ። በሕግ የተመዘገበ ማኅበር መሆን የሚፈልግ የወጣት ቡድን የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011ን ማየት አለበት፤ ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ 5 አባላት ያስፈልጋሉ። እዚህ የምናወራው ስለ ምስጋና ነው፤ ሰፈሩ "ሥራችሁን አይተናል" የሚልበት።

ልዩነቱ ካልተነገረ ችግር ይመጣል። ልጆቹ የተሰጣቸውን ሰርተፍኬት ይዘው ባንክ ሄደው የቡድን ሒሳብ ክፈቱልን ይላሉ፣ ባንኩም የምዝገባ ወረቀት ጠይቆ ይመልሳቸዋል። ስለዚህ ከሰርተፍኬቱ ግርጌ "ይህ የምስጋና ወረቀት እንጂ የምዝገባ ማስረጃ አይደለም" የምትል አንድ መስመር አስገቡ።

ያልተመዘገበ የሰፈር ቡድን መሸለም ይችላል?

ይችላል፣ እንዲያውም ዋነኛው እሱ ነው። ሜዳ ላይ ሃምሳ ልጅ የሚያሰለጥነው "ፕሮጀክት"፣ ጠዋት ጠዋት የሚሮጠው ጤና ቡድን፣ የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ፣ ቤተ መጻሕፍት የሚያደራጁት ልጆች፣ ሁሉም ይገባሉ። ሦስት ነገር ብቻ ይጠየቁ፦ የሚገኙበት ቋሚ ቦታ፣ ተጠያቂ የሆኑ ሁለት አዋቂዎች፣ እና ማን መቼ እንደመጣ የሚመዘገብበት ደብተር።

በወጣት ዘርፍ ግን የዕድሜ ወሰን አስቀምጡ። በ1996 የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። ይህ ካልተጻፈ አርባኛውን የተሻገረ "የወጣቶች ሰብሳቢ" ዋንጫውን ለመቀበል መድረክ ላይ ይወጣል። ከ15 በታች ላሉት የልጆች ዘርፍ ለብቻው ይከፈት።

በምን መመዘኛ እናወዳድር?

መመዘኛው ሥራው ከመጀመሩ በፊት መነገር አለበት። ለምሳሌ ዕውቅናው በሰኔ ከሆነ፣ መስፈርቱ በመስከረም በየቀበሌው ሰሌዳ ላይ ካልተለጠፈ፣ በግንቦት ስትጽፉት የምታውቁትን ቡድን እያሰባችሁ ነው የምትጽፉት። ሳታውቁት እንኳን።

ትምህርት ቤቶችን እርስ በርስ አታወዳድሩ፤ እያንዳንዱን ከራሱ ካምናው ጋር አወዳድሩ። ክፍሉ ውስጥ 60 ተማሪ የታጨቀበት የመንግሥት ትምህርት ቤትና 30 ተማሪ ያለው የግል ትምህርት ቤት በፈተና አማካይ ቢወዳደሩ ውጤቱ ከወዲሁ የታወቀ ነው። የሚጠቅሙት ቁጥሮች ከመምህራኑ የስም መጥሪያ ላይ ይገኛሉ፦ መስከረም ላይ ከተመዘገቡት ስንቱ ሰኔ ላይ ለፈተና ተቀመጡ? ከ6ኛ ክፍል ወደላይ ያሉ ሴቶችስ? አምና 100 ተመዝግበው 82 ከደረሱ፣ ዘንድሮ ደግሞ ከ100 91 ከደረሱ፣ ያ ትምህርት ቤት አንድ ነገር ሠርቷል፤ ምን እንደሠራም ርእሰ መምህሩን መጠየቅ ነው። የደረጃ ተማሪዎችን መሸለም የወላጆች ቀን ሥራ ነው፣ እዚህ አትድገሙት።

ለስፖርት ቡድን ዋንጫ ብቻውን አይመዝንም። አንዳንድ ጊዜ የሚያሸንፈው ዕድሜ አሳንሶ ያስመዘገበ ነው። በአማካይ በአንድ ልምምድ ስንት ልጅ ይመጣል? አሰልጣኙ በዓመት ስንት ሳምንት ቀረ? ስንት ቢጫና ቀይ ካርድ ታየ? ሴቶች አሉ ወይ፣ ካሉስ የሚለማመዱት መሸት ሳይል ነው ወይስ ሜዳው ከወንዶች ሲተርፍ? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ብዙ ኮሚቴ አያነሳውም፤ የቡድኑን ጠባይ ግን ከዋንጫው ይልቅ እሱ ያሳያል።

ነጥቡን ከ100 ብታደርጉት ለቀጣይነት 30፣ ለሚታይ ሥራ 30፣ ሁሉንም ለማሳተፍ 20፣ ለመዝገብ አያያዝ 10፣ ከጎረቤት ጋር ላለው ሰላም 10 መስጠት ይበቃል። ኳሱ በየቀኑ የአንድ እናት ቆርቆሮ ላይ እያረፈ ከሆነ ያ የመጨረሻው 10 ይቀነሳል።

የሚያቀርቡት ሪፖርት እውነት መሆኑን እንዴት እናጣራ?

ፎቶ ማስረጃ አይደለም። ባነር ተይዞ የተነሳ ፎቶ የሚያሳየው ባነር መኖሩን ብቻ ነው፤ አንዱን ፎቶ ሁለት ቡድን ሲያቀርበውም ይታያል። ደብተሩን ጠይቁ። በዓመቱ ውስጥ የተጻፈ ደብተር ጠርዙ ያረጀ፣ የእስክሪብቶው ቀለም የተለያየ፣ አንዳንዱ ገጽ ላብ ወይም ሻይ የነካው ነው። በአንድ ሌሊት የተጻፈው ከዳር እስከ ዳር በአንድ እስክሪብቶና በአንድ እጅ ነው።

ቀጥሎ ሁለት ሰው ሳይነገር ይሂድ፣ ለዚያውም ሁለት ጊዜ፣ በተለያየ ቀን። ሜዳው ላይ ቆመው ልጆቹን ይቁጠሩ፣ ለአሰልጣኙ ሳይሆን ለአንዱ ልጅ "ትናንትስ ነበራችሁ?" ብለው ይጠይቁ። የድሬ ልጅ አይዋሽም፤ "አቦ ትናንት አልነበረም" ይላችኋል።

ችግኝ የተከሉ ቡድኖች ለብቻቸው መታየት አለባቸው። በሐምሌ 500 ችግኝ ተከልን የሚል ሪፖርት ሐቅ ሊሆን ይችላል፣ መስከረም ላይ ብትሄዱም ተራራው አረንጓዴ ነው። የድሬ ችግኝ የሚሞተው ከዚያ በኋላ ነው፦ ዝናቡ ካቆመበት ከጥቅምት ጀምሮ ፀሐይና ፍየል ይጨርሱታል። ስለዚህ ቆጠራው በጥር ይሁን። ሁሉንም መቁጠር ካቃተ ከተተከለው ቦታ ሦስት ጥግ ምረጡ፣ በእያንዳንዱ 20 ጉድጓድ ቁጠሩ፣ ከ60ው ስንቱ ላይ ሕይወት ያለው ችግኝ እንዳለ መዝግቡ። ደርቋል ብላችሁ ከመተዋችሁ በፊት ግንዱን በጥፍር ፋቅ አድርጉት፤ ከሥሩ አረንጓዴ ከሆነ በሕይወት አለ። 100 ተክሎ 70 ያጸደቀ ቡድን 500 ተክሎ 40 ካጸደቀው ይበልጣል። ውሃ በጄሪካን ያመላለሰው እሱ ነውና።

ኮሚቴው ውስጥ እነማን ይግቡ?

5 ወይም 7 ሰው፤ ጎዶሎ ቁጥር ድምፅ እኩል እንዳይወጣ ነው። ከአገር ሽማግሌ አንድ፣ ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አንድ፣ በዚያ ዓመት ቡድን የሌለው አሰልጣኝ አንድ፣ ከቀበሌ አንድ፣ ከሴቶች አንድ፣ ከወጣቶች ሁለት። ልጁ ወይም እህቱ በዕጩ ቡድን ውስጥ ያለችበት ሰው ለዚያ ዘርፍ ነጥብ አይሰጥም። በድሬ ሁሉም ዘመድ ነው ትሉ ይሆናል፤ እውነት ነው፣ ለዚህም ነው ደንቡ የሚመለከተው ለዘርፉ ብቻ እንጂ ሰውየውን ከኮሚቴው የማያስወጣው።

ውይይት ከመጀመሩ በፊት ሁሉም ነጥቡን በወረቀት ጽፎ ያስረክብ። መጀመሪያ ውይይት ከሆነ አባቶች የተናገሩትን ታናናሾቹ አክብረው ይደግማሉ፣ ሰባት ሰው ተቀምጦ የአንድ ሰው ነጥብ ይዛችሁ ትወጣላችሁ።

ምን እንሸልም?

ዋንጫ ደስ ይላል፣ አቧራም ይሰበስባል። አንድ ትንሽ ዋንጫ ለዘርፉ አሸናፊ በቂ ነው፤ የቀረውን በጀት ዕቃ ግዙበት። ዕቃ ሲገዛ ግን በደንብ ካልታሰበበት ይባክናል።

ኳስ ከሆነ ቁጥሩን እዩ። ከ12 ዓመት በላይ ላሉት ቁጥር 5 (ዙሪያው ከ68 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር)፣ ከ8 እስከ 12 ላሉት ቁጥር 4፣ ከዚያ በታች ቁጥር 3። ለትንንሾች ቁጥር 5 የተሰጠ እንደሆነ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ኳሱም ለታላላቆቹ ይሄዳል። የሰፈር ሜዳዎቻችን ጠጠርና አሸዋ ስለሆኑ በእጅ የተሰፋው ኳስ ክሩ ቶሎ ይበላል፤ ለጠጠር ሜዳ ጎማ መሰል ሽፋን ያለው ስፌት አልባ ኳስ ይሻላል፣ ሲነካ ትንሽ ቢጠነክርም። አንድ ውድ ኳስ ከመስጠት አራት መካከለኛ ኳስ ከነመንፊያውና ቢያንስ አምስት መርፌ ጋር ስጡ። ቀድማ የምትሰበረው መርፌዋ ናት፤ በአንዲት መርፌ ምክንያት አራት ኳስ ወር ሙሉ ሲተኛ ያሳዝናል። መርፌውን ምራቅ ወይም ዘይት ነካ አድርጎ ቀጥ ባለ መንገድ ማስገባት ነው። ጠዋት በቀዝቃዛው የተነፋ ኳስ ቀትር ላይ ይወጠራል፤ እስከ ጥግ አይነፋ፣ ፀሐይ ላይም አይተው።

ማልያ ከሆነ 18፣ ከነሱ ሁለቱ በሌላ ቀለም ለበረኛ። ቁጥሩ በሙቀት የሚለጠፍ ከሆነ በድሬ ሙቀትና በእጅ አጠባ ከጥቂት ወር በኋላ ይላጣል፤ ከጨርቁ ጋር አብሮ የታተመውን እዘዙ። የቮሊቦል መረብ ለሴቶች ቡድን ስትሰጡ ቋሚዎቹ ላይ ሁለት ምልክት ይቀባ፦ 2.24 ሜትር ለሴቶች፣ 2.43 ለወንዶች። ምልክት ከሌለ መረቡ ሁልጊዜ የወንዶቹ ላይ ይቀራል።

ለትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ የሚጠቅመው የውሃ ሮቶ ነው። የ1,000 ሊትር ሮቶ ለ500 ተማሪ በቀን 2 ሊትር ይደርሳል፤ ለመጠጥ ይበቃል፣ ለመጸዳጃ አይበቃም። ሲሞላ ከነዕቃው ከአንድ ቶን በላይ ይመዝናል፣ ስለዚህ በእንጨት ቆጥ ላይ አታስቀምጡት፤ በድንጋይና በሲሚንቶ የተሠራ ግማሽ ሜትር ከፍታ ያለው መድረክ ይሠራለት፣ ጥላም ይኑረው። የድሬ ውሃ ኖራ ስለሚበዛበት (ጀበናችሁንና ማንቆርቆሪያችሁን ማየት ነው) የቧንቧው አፍ በነጭ ቅርፊት ይደፈናል። አፉ የሚፈታ ቧንቧ ግዙ፣ ሲደፈን ፈትቶ ሌሊቱን አቼቶ ውስጥ መዘፍዘፍ ነው። ለሚኒ ሚዲያ ደግሞ ከትልቅ ሞንታርቦ ይልቅ ሁለት ጥሩ ማይክሮፎንና መብራት ሲዋዥቅ ዕቃውን የሚጠብቅ ማረጋጊያ ይቅደም።

ገንዘብ ብንሰጥስ?

በመድረክ ላይ በፖስታ አትስጡ። ፖስታው በአንድ ሰው እጅ ይገባል፣ ማታውኑ "ስንት ነበር?" የሚለው ጥያቄ ይጀመራል፤ የፈረሱ ቡድኖች አሉ። የተመዘገበ ማኅበር ከሆነ በሁለት ፊርማ በሚንቀሳቀስ ሒሳቡ ይግባለት። ካልተመዘገበ የሚፈልገውን ጠይቃችሁ ዕቃ ገዝታችሁ በደረሰኝና በርክክብ ወረቀት ስጡ፤ መጠኑም መድረክ ላይ ጮክ ብሎ ይነገር።

ሰርተፍኬት ላይ የሚበዛው ስሕተት ምንድን ነው?

ስም። በአንድ ቡድን ውስጥ ሦስት አብዲ አሊና ሁለት ዮናስ ተስፋዬ ሊኖሩ ይችላሉ፣ ስለዚህ እስከ አያት ይጻፍ። መሐመድ፣ ሙሐመድ፣ መሀመድ፤ ሦስቱም ትክክል ናቸው፣ ለባለቤቱ ግን ትክክሉ አንዱ ነው። ከመታወቂያው ወይም ከትምህርት ቤት ካርዱ ላይ ተነስቶ ይጻፍ እንጂ በስልክ የተነገረው አይጻፍ። ዝርዝሩ ከመታተሙ ሁለት ቀን በፊት ለቡድኑ ተወካይ በወረቀት ተሰጥቶ ፊርማውን ያኑርበት።

ቋንቋም አለ። ልጆቹ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ነው የሚማሩት። ሦስቱንም በአንድ ገጽ ማጨቅ ፊደሉን ያሳንሰዋል፤ ቡድኑ የመረጠውን ቋንቋ ጠይቃችሁ በዚያ አትሙ። ትርጉሙን ቋንቋውን የሚያስተምር መምህር ይየው፣ በስልክ ትርጉም የታተመ ምስጋና ወላጅን ያስቃል።

ወረቀቱ ከ200 ግራም በታች ከሆነ ላብ ባለው እጅ ይጨማደዳል። ማኅተሙ ስሙ ላይ እንዳያርፍ ከፊርማው በስተግራ ባዶ ቦታ ይተው። ሦስት ባዶ ሰርተፍኬት ትርፍ ይታተም፣ የተረሳ ሰው አይጠፋም። የሚረሱትም የታወቁ ናቸው፦ ማልያ የምታጥበው እናት፣ የሜዳውን በር የሚከፍተው ዘበኛ፣ በባጃጁ በነጻ የሚያመላልሳቸው ልጅ።

መቼና በስንት ሰዓት ይሁን?

ድሬ ላይ ከቀኑ 5 ሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ ሕፃን ማሰለፍ አይገባም፣ በተለይ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ 35 ዲግሪ በሚደርስበት ጊዜ። ሁለት አማራጭ አለ፦ ጠዋት 2 ሰዓት ተጀምሮ 3:30 የሚያልቅ፣ ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ። ቅዳሜ ይመረጣል። ዓርብ ከ6 እስከ 8 ሰዓት የጁምዓ ነው፣ እሑድ ጠዋት የቅዳሴ። በረመዳን ከሰዓት በኋላ አታድርጉት፤ የጾመ ልጅ ፊት ለስላሳ መክፈትም ነውር ነው።

ከታኅሣሥ 19 እና ከሐምሌ 19 በፊትና በኋላ ያሉትን ቀናት እለፏቸው። የቁልቢ ገብርኤል እንግዳ ከተማውን ይሞላዋል፣ አዳራሽም ሆነ መኪና አይገኝም። በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጎርፍ አለ። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወድቅ ደጋው ላይ በዘነበው መጋላንና ከዚራን የሚለየው የደቻቱ ወንዝ ሊሞላ ይችላል፤ በሐምሌ 1998 መጨረሻ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ብዙ ሰው የወሰደው በዚህ መንገድ ነው። በመጋላና በከዚራ መካከል ሕፃናት የሚሻገሩበት ፕሮግራም በክረምት ጠዋት ብቻ ይሁን፣ የወንዙን አሸዋ አቋርጦ መምጣትም ይከልከል። ከሁሉ የሚሻለው ወር የካቲት ነው፦ አየሩ ቀለል ያለ፣ የችግኝ ቆጠራው ያለቀ፣ ፈተናውም ያልደረሰ። ረመዳን በየዓመቱ ስለሚዞር ግን አስቀድማችሁ አስሉ።

ጠቅላላው ከ90 ደቂቃ አይለፍ። ንግግር በሙሉ ተደምሮ 15 ደቂቃ። የክብር እንግዳው ቢዘገይ በልጆቹ ትርኢት ጀምሩ፤ ሲደርስ ይቀላቀላል።

ምን እናብላ?

ሥጋ ተዉት፤ የእስላምና የክርስቲያን እርድ ለመለየት ሁለት ድስት፣ ሁለት ማዕድ፣ ሁለት ጣጣ ነው። የምስር ሳምቡሳ፣ ሐልዋ፣ ቴምርና ውሃ ሁሉንም ያስማማል፣ ለጾመኛውም ይሆናል። ለአንድ ልጅ ሁለት ሳምቡሳና ግማሽ ሊትር ውሃ አስቡ።

ስፖንሰር ከየትም መቀበል ይቻላል?

ጫት ነጋዴው ለጋስ ነው፣ የውርርድ ቤቱም ኳስ ይወዳል። የግለሰቡን መዋጮ እንደ ማንኛውም የሰፈር ሰው ተቀበሉ፤ የጫት፣ የመጠጥ ወይም የውርርድ ስም ግን በልጆች ማልያ ላይ አይታተም። ይህ ቀድሞ በጽሑፍ ካልተያዘ ማልያው ታትሞ ከመጣ በኋላ ማስመለስ አይቻልም።

ፎቶ ማውጣትስ?

ወላጅ በጽሑፍ ከፈቀደ። የልጅ ፎቶ፣ ሙሉ ስምና የትምህርት ቤቱ ስም አንድ ላይ አይለጠፍ።

ለቀድሞ ተጫዋቾችና አሰልጣኞችስ?

ለብቻው ዘርፍ ይከፈትላቸው። ይህች ከተማ እንደ ጥጥ ማኅበርና ምድር ባቡር ያሉ የእግር ኳስ ክለቦችን ያየች ናት፤ በ1968 ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ስታዘጋጅ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር ያሉበት ምድብ የተጫወተው እዚሁ ድሬዳዋ ስታዲየም ነበር፣ ዋንጫውንም የወሰደችው ሞሮኮ ናት። ያን ዘመን ያስታወሱ አዛውንቶች ዛሬም በየሰፈሩ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ለነሱ ዋንጫ ሳይሆን ታሪካቸው ይመዝገብላቸው፦ በስልክ ድምፅ ተቀድቶ፣ የድሮ ፎቶዎቻቸው ተነስተው፣ ከግራ ወደ ቀኝ የቆሙት ሰዎች ስም ከጀርባው በእርሳስ ተጽፎ። ዓመተ ምሕረቱን ሁለት ሰው ሳያረጋግጥ ሰርተፍኬት ላይ አታስፍሩ፤ በሽማግሌዎች መካከል የሚነሳ የዓመት ክርክር ፕሮግራሙን ይበላዋል። መቀመጫቸው ከፊት፣ ጥላ ውስጥ ይሁን፣ መድረክ አታስወጧቸው፤ ሸላሚው ወርዶ ይስጣቸው።

ያልተመረጡት ቅር ቢላቸው?

ይላቸዋል። ለሁሉም ሰርተፍኬት ማደል ግን መፍትሔ አይደለም፤ በሁለተኛው ዓመት ወረቀቱን ማንም አይፈልገውም። ውጤቱ ለሕዝብ ከመነገሩ 10 ቀን በፊት እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ነጥብ በየመመዘኛው ተከፍሎ ይቀበል፣ በ5 ቀን ውስጥም ቅሬታውን ያቅርብ። ብዙው ቅሬታ የቁጥር ስሕተት ነው፣ ይታረማል። "በመዝገብ አያያዝ 2 ከ10" የሚል ወረቀት የደረሰው አሰልጣኝ በሚቀጥለው ሳምንት ደብተር ይገዛል።

ከሽልማቱ በኋላ የሚቀር ሥራ አለ?

ከ3 ወር በኋላ ሁለት ሰው ይሂድ። ኳሶቹ ስንት ቀሩ፣ መርፌ አለ ወይ፣ ሮቶው ውስጥ ውሃ አለ ወይስ የርእሰ መምህሩ ቢሮ ጀርባ ባዶውን ቆሟል፣ መረቡ በየትኛው ምልክት ላይ ታስሯል? ያዩትን ጽፈው ለኮሚቴው ይስጡ፤ የሚቀጥለው ዓመት የግዢ ዝርዝር የሚጀምረው ከዚያ ወረቀት ነው።